እርድ በወተት ለእናቴ የመርሳት ችግር ይጠቅም ይሆን?

ጠያቂ (ከጅማ)፦ ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዱን ወሬ ደጋግመው ያነሳሉ፤ ድስት ጥደው ይረሳሉ። ጎረቤታችን «የአንጎልን መቆጣት የሚያበርደው እርድ ነው፤ በወተት አፍልተሽ ማታ ማታ ስጫቸው» አሉኝ። የእርድ እንክብልም ሲሸጥ አይቻለሁ። እናቴ ለልባቸው ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ልስጣቸው?

ፋርማሲስት፦ እኅቴ፣ እንክብሉን እባክሽ አትስጫቸው። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ እርድ በብዛት ሲታከልበት የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ብዙዎቹ እንክብሎች ደግሞ ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፐሪን አለባቸው። ፒፐሪን ኩርኩሚን የተባለውን የእርድ ንጥረ ነገር ወደ ደም በደንብ ያስገባል፤ ነገር ግን ሰውነት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትንም ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል። ወጥ ውስጥ የለመዱትን እርድ ግን አትከልክያቸው።

የባዮሎጂ መምህር፦ የጎረቤትሽ ሐሳብ ከባዶ የመጣ አይደለም። አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ተከላካይ ሕዋሳት አሉ፤ ሲቆጡ አልበርድ ካሉ ጤነኛውን የነርቭ ሕዋስ ይጎዳሉ። ኩርኩሚን፣ በቃሪያ ውስጥ ያለው ሉቴኦሊን፣ በቀይ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ኬርሰቲን ይህን ቁጣ በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ አብርደዋል። ሰው ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 36 የአልዛይመር (ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ መርሳት የሚያመጣ የአንጎል በሽታ) ሕሙማንን ለ24 ሳምንታት ተከታትሎ፣ በቀን እስከ 4 ግራም ኩርኩሚን ቢወስዱም ጥቅም አላገኘም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ መሆኑን ስታስቢ፣ በአንድ ብርጭቆ ወተት ምን ያህል እንደሚደርሳቸው ገምቺው።

ቅመም ነጋዴ (ሄርማታ)፦ ለወጥ ስትገዢም የተፈጨውን ተዪውና የደረቀውን ሥር ገዝተሽ ራስሽ አስፈጪ። ባንግላዴሽ ውስጥ ቢጫው እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም እርድ ላይ ሲጨመር ተደርሶበታል። እርሳስ ደግሞ አንጎልን የሚጎዳ መርዝ ነው። በእኛ አካባቢ እርድ ከነሥሩ ስለሚገኝ ለምን በዱቄት እንጠራጠር?

ነርስ፦ እኔን ያሳሰበኝ እርዱ ሳይሆን መርሳቱ ገና አለመመርመሩ ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድባቴ ሁሉ ያስረሳሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ወድቆ ጭንቅላቱን መመታት ከባድ ነገር ነው፤ ከወደቁ ቀላል ቢመስልም በዚያው ቀን አሳዪአቸው። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነዕቃው ያዢ፣ መርሳቱ መቼ እንደጀመረ ጽፈሽ ሂጂ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት እወስዳቸዋለሁ። ቡናቸውንስ ልቀንስባቸው?

ነርስ፦ የጅማን እናት ቡና መከልከል ከባድ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። እንዲያውም ቡና ጠጪዎች ፓርኪንሰን በተባለው እጅ በሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነ ግን የማታውን ስኒ አስቀሪያቸው፤ እንቅልፍ ማጣት ራሱ መርሳትን ያባብሳል።