ማይክሮ አርኤንኤ-21 ታግዶ ፒቴን ለምን አይጨምርም?

ሰላም ለሁላችሁ። በኤምሲኤፍ-7 የጡት ካንሰር ሴሎች ማይክሮ አርኤንኤ-21ን (ፒቴን የተባለውን ፕሮቲን የሚያፍን ትንሽ አርኤንኤ) አግጄ፣ ፒቴን ጨምሮ የኤኬቲ (ሴል እንዲያድግ የሚገፋ፣ ፒቴን የሚገታው ፕሮቲን) ምልክት ሲቀንስ ለማየት ፈልጌ ተጣብቄአለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን፣ 50 ናኖሞላር አጋጅ በሊፖፌክታሚን (ወደ ሴል የሚያስገባ ቅባታማ ውህድ)፣ አንቲባዮቲክ የሌለበት ሚዲያ፣ ከ48 ሰዓት በኋላ መሰብሰብ። ማነጻጸሪያው ዒላማ የሌለው ኦሊጎ (አጭር የኑክሊክ አሲድ ቁራጭ) ነው። በኪውፒሲአር (የአርኤንኤ መጠን መለኪያ)፣ በዩ6 (ማመሳከሪያ አርኤንኤ) ተመዝኖ፣ ማይክሮ አርኤንኤው 80 በመቶ ወርዷል። በዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን መለኪያ) ግን ፒቴን ንቅንቅ አላለም፤ ሴሪን 473 ላይ ፎስፌት ያለው (ማለትም ንቁ የሆነው) ኤኬቲም እንዲሁ።

ዋናው ጥርጣሬዬ መውረዱ ሐሰት እንዳይሆን ነው። ሴሉ ሲፈርስ አጋጁ ከነበረበት ከረጢት ወጥቶ ማይክሮ አርኤንኤውን ይይዝና ሪቨርስ ትራንስክሪፕሽኑን (ከኪውፒሲአር በፊት አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ መገልበጡን) ያደናቅፋል። ካልታከሙ ሴሎች በወጣ ሊሴት (የፈረሱ ሴሎች ፈሳሽ) ላይ አጋጁን ጨምሮ መለካት ይህን ያጣራል፤ ግን ምን ያህል ልጨምር? ወይስ በቀጥታ የፒቴንን 3 ፕራይም ዩቲአር (ማይክሮ አርኤንኤው የሚያርፍበትን የኤምአርኤንኤ ጫፍ) ወዳዘለ የሉሲፈሬዝ (በብርሃን የሚለካ) ሙከራ ልሂድ?

ሴሎቹ ኤኬቲን የሚያነቃ የፒአይ3ኬሲኤ ኢ545ኬ ሚውቴሽን ስላላቸው ኤኬቲ አለመቀነሱ አይደንቅም፤ የፒቴንን ዝምታ ግን አያብራራም። 72 ሰዓት መጠበቅ ይጠቅማል? ከፒቴን ይልቅ ፒዲሲዲ4ን (የማይክሮ አርኤንኤ-21 ሌላ ዒላማ) መከታተል የተሻለ ምላሽ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ የተጠቀማችሁትን መጠንና ሰዓት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።