የባህል ሚኒስቴር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ አገር ለባህል ብሎ ሚኒስቴር ማቋቋም አለበት? (የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሠዓሊው፦ የለበትም። በጀት የያዘ ሰው የሚወደውን ይመርጣል። ዛሬ የወደደውን ይሸልማል፣ ነገ ያልወደደውን ይከለክላል። ናዚዎች በ1933 የባህል ምክር ቤት አቋቋሙ። አባል ያልሆነ ሠዓሊ በሙያው መሥራት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ በር ከመጀመሪያው ባይከፈት ይሻላል ባይ ነኝ።

የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ እውነት ነው። ግን አንተ የምታወራው ስለ አዲስ ሥራ ነው። እኔ የምውለው ከአሮጌው ጋር ነው። የቴፕ ክር ያረጃል። ማጫወቻው ከገበያ ከጠፋ ቆየ፤ የሚጠግነውም ሰው እየጠፋ ነው። ክሩ ሲበላሽ ያ ዘፋኝ፣ ያ ተራኪ፣ አንዳንዴም ያ ቋንቋ አብሮ ይሄዳል። ይህን ወደ ዲጂታል መገልበጥ ለማንም ነጋዴ አያተርፍም። ታዲያ ማን ይሥራው? ሌላም አለ። በ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት መሠረት፣ የተዘረፈ ቅርስ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው በዲፕሎማሲ መንገድ ነው። ሙዚየም ብቻውን አይችለውም። የ2003ቱ ስምምነትም ፈራሚ አገር በግዛቷ ያሉ የማይዳሰሱ ቅርሶችን እንድትመዘግብ ያስገድዳል።

ሠዓሊው፦ አሜሪካ የባህል ሚኒስቴር የላትም። ፊልሟና ሙዚቃዋ ግን ያልደረሰበት የለም።

መምህሩ፦ የደረሰው የሚሸጠው ነው። የማይሸጠውስ? እሷም ብትሆን በ1965 ለጥበብ ገንዘብ የሚሰጥ የፌዴራል ተቋም አቋቁማለች። ለባህል ተቋም የሚለግስ ሰውም የግብር ቅናሽ ያገኛል። መንግሥት እዚያም አለ፤ የገባው በሌላ በር ነው እንጂ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ልጆቹ ናቸው። ከዋና ከተማ ርቆ የሚያድግ ልጅ ቴአትር ቤት ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ትምህርቱን ይጨርሳል። ፈረንሳይ በ1959 ሚኒስቴሩን ስታቋቁም፣ ለመጀመሪያው ሚኒስትር ለደራሲው አንድሬ ማልሮ የተሰጠው አደራ ታላላቅ ሥራዎችን ለብዙ ሰው ማድረስ ነበር። ከፓሪስ ውጭም የባህል ቤቶች ተከፈቱ።

ሠዓሊው፦ እሺ፣ ቴአትሩ ይድረስ። የትኛው ቴአትር? በየትኛው ቋንቋ? ወሳኙ ማነው?

የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ፦ ሚኒስትሩ መሆን የለበትም። ብሪታንያ በ1946 የጥበባት ምክር ቤት አቋቋመች። መንግሥት ገንዘቡን ይሰጣል፤ ለማን እንደሚደርስ ግን ምክር ቤቱ ይወስናል።

ሠዓሊው፦ የምክር ቤቱን አባላትስ ማን ይሾማል? ብራዚልን እዩ። ሚኒስቴሩ በ2019 ፈረሰ፣ በ2023 ተመለሰ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ለሚናወጥ ቤት እንዴት አደራ ይሰጣል?

የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ፦ በሕግ ይታሰር የምለውም ለዚህ ነው። አባላቱን የሙያ ማኅበራት ይጠቁሙ። የሥራ ዘመናቸው ይገደብ። ለማን ስንት እንደተሰጠ በየዓመቱ ይፋ ይውጣ።

ሠዓሊው፦ ክሮቹን አድኑ፤ በዚህ አብሬሽ ነኝ። ሕጉ ውስጥ «ተገቢ ባህል» የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳ ካየሁ ግን አልፈርምም።