እንጀራ ትቼ ቅቤ ብጨምርም ክብደቴ መቀነሱን አቆመ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)

ጤና ይስጥልኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ትቼ በእንቁላል፣ በሥጋ፣ በአይብና በንጥር ቅቤ መኖር ጀመርኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 4 ኪሎ ብቀንስም ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ አልነቃነቅ ብሏል። ጃንሜዳ ስሮጥ ድሮ አምስት ዙር እጨርስ ነበር፤ አሁን በሦስተኛው ላይ እግሬ ይከብደኛል። የጂም አሠልጣኜ «ካርቦሃይድሬት ካቆምክ ስብ የፈለግኸውን ያህል ብላ» ይለኛል፤ ነርስ የሆነችው እህቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንቁላል የምጠብስበትን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ እያየች ትቆጣኛለች። ረቡዕና ዓርብ ስጾም ምን እንደምበላም ግራ ገብቶኛል። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱት እናቴም አብረውኝ ሊጀምሩ ይፈልጋሉ። የምታውቁ ብትመክሩኝ።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ከአራት ኪሎ)

ወንድሜ፣ የእናትህን ጉዳይ ላስቀድም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ መድኃኒት ስለሆነ፣ እንጀራው በድንገት ቀርቶ መድኃኒቱ በነበረበት መጠን ከቀጠለ ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም አደገኛ ነው። እባክህ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ።

ወደ አንተ ስመለስ፣ ሰውነታችን ካርቦሃይድሬትን በጡንቻና በጉበት ግላይኮጅን አድርጎ ሲያከማች ከእያንዳንዱ ግራም ጋር 3 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ክምችቱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ስለሚወጣ፣ በመጀመሪያ ከቀነስከው 4 ኪሎ ብዙው ስብ እንዳልነበረ እገምታለሁ። 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ 1 ግራም ስብ 9 ይሰጣል፤ ያቺ የጠዋት ቅቤ ብቻዋን ከ200 ካሎሪ በላይ ናት። «የፈለግኸውን ያህል» የሚባል ስብ የለም። እህትህም እውነት አላት፦ የቅቤ ስብ ከግማሽ በላይ ጎጂውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ዓይነት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል።

መልስ (ከፒያሳ)

በአሠልጣኙ ላይ ሙሉ በሙሉ መፍረድ አልፈልግም። እኔ ዳቦና ስኳር ትቼ 7 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ካርቦሃይድሬት መቀነስ ረሃቤን አስታግሶልኛል።

መልስ (የሥነ ምግብ ባለሙያ)

ለእርስዎ ሠርቷል፤ ለብዙዎችም ይሠራል። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎች ለ12 ወራት ገሚሱ ስብ፣ ገሚሱ ካርቦሃይድሬት ቀንሰው ሲታዩ በአማካይ 5.3 እና 6.0 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱም ትርጉም የሚሰጠው አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲተዉ ተመክረው ነበር። እርስዎን የጠቀመዎት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

መልስ (የቀድሞ ሯጭ፣ ከስድስት ኪሎ)

ስለ እግርህ እኔ ልናገር። ያው ጉልበት ከስብ ሲገኝ ከካርቦሃይድሬት ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ከተማችን ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አመጋገባቸው የተመዘገበ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች ከዕለት ጉልበታቸው 64 በመቶ ያህሉን ያገኙት ከካርቦሃይድሬት ነበር። እንደ እነርሱ ብላ አልልህም፤ የሚሮጡት ርቀት ከአንተ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በሩጫው ዋዜማ ማታ አንድ እንጀራ ብትበላ በሦስተኛው ዙር ላይ ልዩነቱን ታየዋለህ ብዬ አምናለሁ።

መልስ (ከሜክሲኮ)

የጾሙ ቀን እኮ ቀላል ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና አቮካዶ አለልህ። ዘይቱን ብቻ ተጠንቀቅ፦ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ያለ ስብ ስለሆነ፣ ከተገኘ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻልሃል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን ሰኞ ወደ ሐኪማቸው ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ቅቤውንም ዛሬ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ አውርጃለሁ። ዓርብ ማታ አንድ እንጀራ በምስር በልቼ፣ ቅዳሜ ጃንሜዳ ስንት ዙር እንደጨረስኩ እጽፍላችኋለሁ።