የዶግዉድ ቁጥቋጦዬ በበረዶው ወራት ቀለሙን እያጣ ነው፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)

የተከበራችሁ ወገኖች፣ የምኖረው ከሚኒያፖሊስ ወጣ ባለ ሰፈር ሲሆን፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ግቢያችን ከበረዶና ከእንጨት አጥር በስተቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለውም። ስለዚህም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሬድ ትዊግ ዶግዉድ የሚባለውን ቁጥቋጦ በሳሎኑ መስኮት ትይዩ ተከልን። መጀመሪያ ላይ ቅጠሉ እንደረገፈ ቅርንጫፎቹ በሙሉ ደማቅ ቀይ ይሆኑ ነበር፤ አሁን ግን ቁመቱ ከሰው በላይ ሆኖ ቀይ የሚታየው ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው፣ የታችኛው ክፍል ግራጫ ሆኗል። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን ወይስ በሽታ ነው? በዚህ ቅዝቃዜ ቀይ ፍሬ የሚይዝ ሌላ ቁጥቋጦ ካለም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1 (ከሴንት ፖል)

ጤና ይስጥልኝ። እንደገለጹት ከሆነ ተክሉ አልታመመም፣ ቅርንጫፎቹ ናቸው ያረጁት። የዶግዉድ ደማቅ ቀለም የሚገኘው በለጋ ቅርፊት ላይ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ ከሦስት ዓመት በላይ ሲቆይ ቅርፊቱ እየሻከረ ወደ ግራጫነት ይለወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ሳይሆን መግረዝ ነው። በማርች መጨረሻ፣ ቡቃያው ሳይፈነዳ፣ በጣም የወፈሩትንና የገረጡትን መርጠው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከመሬት አጠገብ ይቁረጡ፤ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም እንዲሁ ካደረጉ ቁጥቋጦው በሙሉ ይታደሳል። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አናቱን ብቻ መከርከም ግን ያረጀውን ግንድ እዚያው ትቶ ከላይ ጭራሮ ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም።

የፀሐይ ጉዳይም አለ። ለቅርፊቱ ቅላት የሚሰጠው አንቶሳያኒን በደንብ የሚፈጠረው ብርሃን ሲያገኝ ስለሆነ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ዶግዉድ ቢገረዝም እንደሚፈለገው አይደምቅም። ጥንቸልም ለጋውን ቅርንጫፍ አጥብቃ ትወዳለችና ዙሪያውን በሽቦ ይጠሩት፤ በረዶው ክምር ላይ ቆማ ስለምትደርስበት የሽቦው ቁመት ከመሬት ሳይሆን ከበረዶው ላይ መለካት አለበት።

መልስ 2 (ከሜሪላንድ)

ለፍሬው ዊንተርቤሪን እመክራለሁ። የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል አገር በቀል ተክል ሲሆን እስከ ዞን 3 (በአሜሪካ የተክሎች የብርድ ቀጠና አከፋፈል በጣም ቀዝቃዛ ከሚባሉት አንዱ) ያለውን ብርድ ይችላል፤ ቅጠሉን አራግፎ ፍሬውን ብቻ ስለሚያስቀር በበረዶ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ወፎች እስኪጨርሱት ድረስ። እርጥበት ያለውና አሲዳማ አፈር ይወዳል።

ሲገዙ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ እንደ ፓፓያ ሁሉ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅሉ ናቸው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ብትሆንም፣ ከ15 ሜትር ባልራቀ ቦታ አንድ ወንዴ ያስፈልጋታል፤ አንዱ ወንዴ ለበርካታ ሴቴዎች ይበቃል። የአበባ ጊዜያቸውም መግጠም ስላለበት ሬድ ስፕራይት የተባለችውን ሴቴ ዝርያ ጂም ዳንዲ ከተባለው ወንዴ፣ ሴቴዋን ዊንተር ሬድን ደግሞ ከወንዴው ሳውዘርን ጀንትልማን ጋር ያጣምሩ። ሻጩ ወንዴውን ሳያነሳ ሴቴዋን ብቻ ቢያሳይዎት እርስዎ ይጠይቁ።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትንንሽ ልጆች ስላሉን ፍሬው ያሰጋ እንደሆነ፣ ከዶግዉዱ የምቆርጠውም ዳግመኛ ይበቅል እንደሆነ ብትነግሩኝ።

መልስ 2 (ከሜሪላንድ)

የዊንተርቤሪ ፍሬ ለሰው አይበላም፤ ልጅ ከዋጠው ሊያስመልሰውና ሊያስቀምጠው ይችላል። ልጆቹ ነገር ወደ አፋቸው የሚከቱበት ዕድሜ ላይ ከሆኑ በዶግዉዱ ብቻ ቢቆዩ ይሻላል።

መልስ 1 (ከሴንት ፖል)

ግራጫዎቹን ይጣሏቸው፣ ሥር ለማውጣት ይቸገራሉ። ከቀያዮቹ ግን የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን ጥቂት በ20 ሴንቲሜትር ርዝመት ቆርጠው፣ የቡቃያው አቅጣጫ ወደ ላይ መሆኑን አረጋግጠው፣ ሁለት ሦስተኛውን እርጥብ አፈር ውስጥ ይትከሉ። አፈሩ በበጋው ሙቀት እንዳይደርቅ ካጠጡት ብዙዎቹ ይጸድቃሉ።