ጥቆማ፦ ፓሪስ ውስጥ የሮኮኮ ወንበርና ኮሞድ ከየት ልግዛ?

ሚሚ ዘክሬቴይ
ሰላም የሀገር ልጆች። ለሳሎኔ ክንድ ማሳረፊያ ያላቸው ሁለት ወንበሮችና ከላይ እብነ በረድ ያለው አንድ ኮሞድ (ባለ መሳቢያ አጭር ቁም ሣጥን) እየፈለግኩ ነው፣ እግሩ ጎበጥ ያለ፣ ዛጎልና ቅጠል የተቀረጸበት፣ ያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ስም ሉዊ 15ኛ የሚሉት የሮኮኮ ስልት። ሳንቱዋን ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሻላል ወይስ ድሩኦ ጨረታ? የግድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ይሁን አልልም፣ በደንብ የተሠራ የ19ኛውም ይበቃኛል። ለጓሮዬም የድንጋይ አበባ ማስቀመጫ ካያችሁ ጠቁሙኝ።

ቴዲ
እህቴ ከመግዛትሽ በፊት የኔን ስሚ። ከአንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጥንድ ወንበር ገዛሁ፣ ሰውየው የሉዊ 15ኛ ዘመን ነው ብሎ ምሎ ተገዝቶ፣ ጨርቁ ስላረጀ ለማስቀየር ባለሙያ ጋ ወሰድኩት፣ ጨርቁ ሲነሳ ውስጡ እንጨቱ በማሽን የተሰነጠቀ፣ ማዕዘኑ በብሎን የታሰረ! ተመልሼ ስሄድ "ደረሰኙን አንብብ" አለኝ፣ ለካ የጻፈው "ስቲል ሉዊ 15" ብሎ ነው፣ የሉዊ 15 ዓይነት ማለት ብቻ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የአራዳ ልጅ
ወይኔ ቴዲ! ስንት ከፈልክ? ፖሊስ ጋ አልሄድክም?

ቴዲ
ስንቱን አልናገርም፣ ባለቤቴ እዚህ ታነባለች። ጠበቃ ይዣለሁ።

እትዬ ዘነበች
እኔ ሳንቱዋን ገበያ፣ ፖል ቤር የሚባለው ክፍል ውስጥ ካለ ሽማግሌ ሌላ ከማንም አልገዛም። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ቡና ያጠጣል፣ ልጆቼን በስማቸው ነው የሚጠራቸው። ሚሚዬ እሱ ጋ ሂጂ፣ ሌላውን ተይው።

ናሆም
እትዬ፣ የሸጠልዎትን ዕቃ ባለሙያ አይቶት ያውቃል?

እትዬ ዘነበች
ለምን ይየው? ሰውየውን አውቀዋለሁ አልኩህ እኮ።

ናሆም
በቃ እንግዲህ፣ የቬርሳይ ቤተ መንግሥትም ልጆቹን በስም የሚጠራ ነጋዴ አግኝቶ ይሆናላ ሀሰተኛውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንበር የገዛው፣ 2016 ላይ ጉዱ እስኪወጣ።

ሳሚ አዲስ አበባ
ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ፣ ይሄን የመሰለ ወርቅማ ሶፋ በኮንቴይነር ወደ አዲስ የላከ አለ? ጉምሩኩ እንዴት ነው?

ሰላም ሙኒክ
ዕቃ ስለመግዛት ባላውቅም ሮኮኮ ምን እንደሆነ ዓይንሽ እንዲለምድ አማሊየንቡርግ የሚባለውን ትንሽ ቤተ መንግሥት እዪ፣ እዚህ ሙኒክ ኒምፈንቡርግ ፓርክ ውስጥ ነው፣ አርክቴክቱ ኩቪዬ ከ1734 እስከ 1739 የሠራው። የመስታወቱ አዳራሽ ሰማያዊና ብር ነው፣ ግድግዳውና ጣሪያው የት ጋ እንደሚለያይ አይታወቅም፣ ወፉም ቅጠሉም ከጠርዙ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ይሄዳል። እሱን አይተሽ ሱቅ ብትገቢ ደንዳናውን ቅጂ ወዲያው ትለዪዋለሽ።

ጋሽ በቀለ እንጨቱ
ልጄ ሚሚ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የቆዩ ዕቃዎች በሚጠገኑበት ወርክሾፕ ነው የሠራሁት፣ የማውቀውን ልንገርሽ። ወንበሩን ገልብጪው። በሉዊ 15ኛ ዘመን ፓሪስ ውስጥ አብዛኛው ወንበር ከቢች ወይ ከዋልነት እንጨት ነው፣ መጋጠሚያው በእንጨት ችንካር ይያዛል፣ ችንካሩ በእጅ ስለተላገ ፍጹም ክብ አይሆንም። እንጨቱ ላይ ቅስት ቅስት የሆነ የመጋዝ ጭረት ካየሽ ክብ መጋዝ ነው፣ ያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ለኮሞዱ እብነ በረዱን ሻጩ እንዲያነሳልሽ ጠይቂ፣ የፊት ማዕዘኑ እንጨት ጫፍ ላይ የሠሪው ስም በማኅተም ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። የፓሪስ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር በ1743 ደንብ ማኅተሙን ግዴታ አድርጎት ነበር፣ የንጉሡ ሠራተኞች ግን አይገደዱም፣ ስለዚህ ማኅተም የለውም ማለት ሀሰት ነው ማለት አይደለም፣ ማኅተምም ራሱ ይጭበረበራል። ነሐሱ ላይ ዘውድ የደፋች ትንሽ የላቲን ሲ (C) ፊደል ካለች የ1745–1749 የቀረጥ ምልክት ናት። መሳቢያውን አውጪና ጀርባውን በጣትሽ ዳብሺው፣ በእጅ የተላገ እንጨት ይጎረብጣል፣ የሚለሰልሰው የማሽኑ ነው።
የቴዲን ጉዳይ በተመለከተ፣ እዚህ ሀገር የ1981 ደንብ አለ፣ ደረሰኙ ላይ "ኤፖክ" (ዘመን) ከተባለ ሻጩ ዘመኑን ዋስትና ሰጥቷል፣ "ስቲል" ካለ ግን ስለ ዘመኑ ምንም አላለም። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ይቺን ቃል አጽፊ። ድሩኦ ላይ ደግሞ በመዶሻው ዋጋ (ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ) ላይ የሚጨመር ኮሚሽን አለ፣ ቀላል አይደለም፣ አስልተሽ ግቢ። ዕቃውን ከጨረታው በፊት ስለሚያሳዩ ያን ቀን ባትሪ ይዘሽ ሂጂ።

ሚሚ ዘክሬቴይ
ጋሽ በቀለ እግዜር ይስጥልኝ! ገልብጬ አያለሁ። የአበባ ማስቀመጫውስ?

ሰላም ሙኒክ
ድንጋይ ነው ብለው ሲሚንቶ ይሸጡልሻል። ጥንዱ እስከ ጭረቱ ድረስ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጎኑ ላይም የቅርጽ ማውጫው መስመር ከታየ ፈስሶ የተሠራ ነው። እውነተኛ ድንጋይ ከሆነም ክረምት ላይ ውሃ እንዳይቋጥር፣ በረዶ ይሰነጥቀዋል። እዚህ ጀርመን ፋይትስሆኽሃይም ላለው የሮኮኮ አትክልት ስፍራ ቀራጩ ቲትስ ከቀረጻቸው ሐውልቶች ብዙዎቹ ዛሬ ሙዚየም ገብተው ቦታቸው የቆመው ቅጂያቸው ነው፣ አሸዋማ ድንጋይ ዝናብ አይችልም።

እትዬ ዘነበች
የኔው ሽማግሌ የአበባ ማስቀመጫም አለው።

ሳሚ አዲስ አበባ
ስለ ጉምሩኩ የሚያውቅ የለም ማለት ነው?

የአራዳ ልጅ
ቴዲ፣ ያ ሰውዬ ገንዘብህን መለሰልህ ግን?

ቴዲ
ወንበሩን መልስና ግማሹን ልስጥህ አለ። አልቀበልም።