አጠገባችን ያለው ባዶ ቦታ ደርቆ አስፈራን፤ ምን ይሻላል?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሰሚት ነው። ከአጥራችን ጋር የተያያዘ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቱ አጥሮት ከሄደ ወዲህ ዓይኑንም አላየነው። ክረምቱን ሣሩና ጉሎው ከቆርቆሮው በላይ ሆነው አደጉ። አሁን ጥቅምት ሲጋመስ ሣሩ ሁሉ ገለባ ሆኗል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያልጣለበት ነገር የለም፦ ፌስታል፣ የሕንፃ ሥራ ጣውላ፣ የተቀደደ ስፖንጅ ፍራሽ። ፍራሹ የተደገፈው የእኔ ኩሽና ግድግዳ ላይ ነው። ከግድግዳው በዚህ በኩል የጋዝ ሲሊንደሬ ቆሟል!

ለሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ብናገር «የግል ይዞታ ነው፣ አንገባም» አሉኝ። ጎረቤቶቼ «ኅዳር 12 ሲደርስ እናቃጥለውና እንገላገላለን» ይላሉ። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ተረኛ፦
እህቴ፣ እሳት አደጋ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ማቃጠሉን እርሺው። ኅዳር ሲታጠን የመጣው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ነው። ያኔ ፌስታልና ስፖንጅ የት ነበር? የስፖንጅ ጭስ ብቻውን ሰው ይገድላል። ነፋስ ከተነሳማ በደረቅ ሣር ላይ የሚሮጥ እሳት በባልዲ አይደረስበትም።

ዛሬውኑ ሲሊንደሩን ከዚያ ግድግዳ አርቂው። ቦታው በሙሉ ባይጸዳ እንኳ በግድግዳሽ በኩል ያለው አምስት ስድስት እርምጃ አፈሩ እስኪታይ ይጽዳ። የታጨደውን እዚያው መከመር ዋጋ የለውም፣ እንዲያውም ይብሳል። ጣውላውና ፍራሹ መውጣት አለባቸው። ሣር ቶሎ ነዶ ቶሎ ይጠፋል። ጣውላና ፍራሽ ግን ቆይተው ይነዳሉ፤ ቤትሽን የሚያያይዘው የእነሱ ሙቀት ነው።

እሳት ከተነሳ 939 ደውይ። ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው የሚገባበትን መንገድም ንገሪያቸው። ቅያሱን ዘግቶ የሚቆም መኪና ካለ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ላም አርቢ፦
ሣሩን እኛ በነፃ እናጭደው ነበር። አሁን ከደረቀ ብዙም አይጠቅመንም። ለከርሞ መስቀል እንዳለፈ፣ እርጥብ ሳለ ጥሩን። ግን ፌስታሉ አስቀድሞ ይለቀም፤ ስንት ላም ጨርሷል። አስተናግር ካለም ይነቀል፣ መርዝ ነው።

ከኤልኤ፦
ሎስ አንጀለስ ነኝ። እዚህ ለሰደድ እሳት በተጋለጡት ኮረብታማ ሰፈሮች፣ ከቤት 200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) ድረስ ያለው ሣር ከ3 ኢንች መብለጥ የለበትም። ባዶ ቦታም ቢሆን ያው ነው። ባለቤቱ እምቢ ካለ ከተማው አስጸድቶ ሒሳቡን ይልክለታል።

የሰሚቷ፦
እኛ ሒሳቡን የምንልክለት ሰው ራሱ የታለ? 😄

የእድር ጸሐፊ፦
በቃል መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ጎረቤት አስፈርመሽ ደብዳቤ ጻፊ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ቁጥሩን ያዢ፤ ለደንብ ማስከበርም ግልባጭ ስጪ። የፍራሹን ፎቶ አያይዢ። «ባለቤቱ ይጠራልን፤ ካልተገኘ ደንብ አስከባሪ ባለበት እኛ እንድናጸዳ ይፈቀድልን» በሉ። ዝም ብላችሁ ገብታችሁ አንዲት ቆርቆሮ ብታነሱ፣ የጠፋው ባለቤት በማግስቱ «ድንበር ገፉብኝ» ብሎ ከተፍ ይላል።

የሰሚቷ፦
ሲሊንደሩን አዛውሬያለሁ። ደብዳቤውን ማታ እጽፋለሁ። ተረኛ፣ አንድ ጥያቄ፦ ቆጣሪያችን የተሰቀለው እዚያው አጥር ላይ ነው። እሳት ቢነሳ ውሃ ልርጭበት?

ተረኛ፦
በፍጹም! ብሬከሩን ብታጠፊውም ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር ኤሌክትሪክ አለበት። ከቆጣሪው ራቅ ብሎ ያለውን ሣር በአካፋ አፈር እያለበሳችሁ ጠብቁ። ስትደውዪም ቆጣሪ እንዳለ ተናገሪ፤ መስመሩ እንዲቋረጥ ያደርጋሉ። ደግሞ አካፋውን ከአሁኑ በር ላይ አስቀምጪ።