የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ በእጅ የሚቀባበል የአደን ጠመንጃ የሚወደደው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር በሚገኘው ቤታችን፣ አባቴ ከአያቴ የወረሰውና በስሙ ያስመዘገበው አሮጌ በልጅግ አለ። ውጭ አገር የሚኖረውና አደን የሚወደው አጎቴ ሰሞኑን መጥቶ ሲያየው ከእጁ ሊያወርደው አልወደደም፤ እዚያም የዋልነት እንጨት ሰደፍ ያለውንና እያንዳንዱን ጥይት በእጅ እያቀባበሉ የሚተኩሱበትን የድሮ ዓይነት የአደን ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው፣ ፕላስቲክ ሰደፍ ላለው አዲስ ጠመንጃ ከሚከፍለው የበለጠ እንደሚያወጣበት አጫወተን። እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም። ፕላስቲኩ ዝናብ አይፈራም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ ታዲያ ይህ ፍቅር የትዝታ ብቻ ነው ወይስ የሚጨበጥ ምክንያት አለው? በነገራችን ላይ የእኛው ጠመንጃ በሰደፉ አንገት ላይ፣ ብረቱ በሚያበቃበት ቦታ፣ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ፕላስቲክ ሰደፍ አስመጥተን እንቀይረው የሚል ሐሳብም በቤተሰቡ ውስጥ ተነስቷል።

መልስ፦ አናጺው ከዘጌ

ወንድሜ፣ ስለ ብረቱ ሌሎች ይነግሩዎታል፤ እኔ ስለ እንጨቱ ልናገር። የአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎች ዋልነትን የመረጡት ለመልኩ ብቻ አይደለም። ዋልነት ጠንካራ ሆኖ ሳለ እንደ ወይራ አይከብድም፤ ቃጫው ደቃቅ ስለሆነ ስለት ሲገባበት አይፈረካከስም፤ በዝግታ ከደረቀ በኋላም ቅርጹን ብዙ አይለውጥም። እኛ ለበርና ለአልጋ የምንወደው ዋንዛ ለእጅ የሚታዘዝ እንጨት ቢሆንም ለሰደፍ አንገት ግን አላምነውም። ጥሩ ሰደፍ ቀራጭ ሳንቃ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያስበው ለዚያ ቀጭን አንገት ነው፤ የእንጨቱ ቃጫ በአንገቱ ርዝመት ልክ መሄድ አለበት፣ አቋርጦት ካለፈ የተኩሱ ግፊት ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋልና። ያንን የሚያምር፣ የተጠማዘዘ የቃጫ ሥዕል ደግሞ ትከሻ ወደሚነካው ወፍራም ጫፍ እንዲወድቅ ያደርገዋል፤ እዚያ ጥንካሬው ያን ያህል አያሳስብምና። እንግዲህ ውበቱንና ጥንካሬውን በአንድ ሳንቃ ላይ የደለደለው የባለሙያው ፍርድ ነው፤ በሻጋታ የሚወጣ ፕላስቲክ ይህ ፍርድ አያስፈልገውም። የሰዎቹ ፍቅር በአመዛኙ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል።

ስንጥቁን በተመለከተ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ዘይት ነው። በተለይ ጠመንጃው አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ለዓመታት ግድግዳ ተደግፎ ከኖረ፣ ለብረቱ የተቀባው የማሽን ዘይት ቀስ እያለ ወደ አንገቱ ይወርድና እንጨቱን ያለሰልሰዋል። የለሰለሰ እንጨት ደግሞ ብረቱ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ ሲገፋው መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ስንጥቁ እስኪጠገን ድረስ አይተኮስበት።

መልስ፦ የአደን ካምፕ ጡረተኛ

እኔ ባሕር ዳር ከመግባቴ በፊት፣ ፈቃድ አውጥተው ደጋ አጋዘን ለማደን ወደ ባሌና አርሲ ተራሮች ከሚመጡ እንግዶች ጋር ሠርቻለሁ፤ የምናገረውም በእጃቸው ካየሁት ተነስቼ ነው።

በልጅግ የቤልጅየም ሥራ ይሁን እንጂ ንድፉ የጀርመናዊው የፓውል ማውዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጣው ይህ ንድፍ እስከ ዛሬ ድረስ ለአደን ጠመንጃ ሠሪዎች እንደ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ምክንያቱም ያለው ጥይት በሚያቀባብለው የመቀርቀሪያ ዘንግ ጎን ባለችው ረጅምና ሰፊ የብረት ጥፍር ላይ ነው። ጥፍሯ ጥይቱን ገና ከካዝናው ሲወጣ ከቂጡ ትይዘዋለች፤ አፈሙዝ ውስጥ አጉርሳው፣ ከተተኮሰም በኋላ ቀለሁን ጎትታ እስክትጥለው ድረስ አትለቀውም። አዳኙ ደንግጦ ዘንጉን ግማሽ መንገድ ገፍቶ ቢመልሰው እንኳ ሁለተኛ ጥይት በመጀመሪያው ላይ ሄዶ አይቀረቀርም። ዘንጉን ከፊት የሚቆልፉት ሁለት ጥርሶች ሲሆኑ፣ ከኋላ ሦስተኛ መጠባበቂያ አለ። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ እ.ኤ.አ. በ1911 ለዝሆንና ለጎሽ ያወጣውን .416 የተባለውን ትልቅ ጥይት የተኮሰው በዚሁ በማውዘር ብረት ነበር። ጎሽ ፊት የቆመ ሰው ጠመንጃው በጥይት መጠላለፍ እንዲቆምበት አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ወሬ እንዳልሆነ የሚያሳየው የአሜሪካኑ ዊንቸስተር ታሪክ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ሞዴል 70 ያንኑ ጥፍር የያዘ ነበር፤ በ1964 ወጪ ለመቀነስ ሲል ጥፍሩን አስቀርቶ ርካሽ በሆነ አሠራር ተካው፤ የእንጨቱም አሠራር አብሮ ወረደ። አዳኞች ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራውን እየፈለጉ በውድ ዋጋ መግዛት ጀመሩ፤ ኩባንያውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ጥፍሩን ለመመለስ ተገደደ። እንግዲህ ከ1964 በፊት የተሠራውን የሚያሳድድ ሰው ትዝታ ብቻ ነው የሚገዛው ማለት ያስቸግራል።

መልስ፦ ቁጥር ይናገር

የተከበሩ የካምፕ ጡረተኛ ስለ ጥፍሩ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ስለ ብረቱ የተባለው እውነት ለእንጨቱ መከራከሪያ ሊሆን አይችልም። ያው ብረት በፕላስቲክ ሰደፍ ላይ ቢቀመጥ ያው ሥራ ይሠራል። እንዲህ ያለ ጥፍር የሌለው ሬሚንግተን 700 የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣ ወዲህ በዒላማ ትክክለኛነቱ የተመሰገነ ነው።

እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በዚህ መካከል አፈሙዙን ወደ አንድ ጎን ከገፋው በበጋ የተስተካከለ ዒላማ በክረምት ይዛነፋል። የአሜሪካ ማሪን ጦር እ.ኤ.አ. በ1966 ኤም 40 የተባለውን የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ከእንጨት ሰደፍ ጋር ወደ ቬትናም ቢወስደውም፣ ሙቀቱና እርጥበቱ እንጨቱን ስላጣመመው በ1970ዎቹ በፋይበርግላስ ለመተካት ተገድዷል። በሐምሌና በነሐሴ የጣናን ዳርቻ አየር የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ሰው እንጨቱን ወድጄዋለሁ ቢል መብቱ ነው፤ የተሻለ ይተኩሳል ካለ ግን አልስማማም።

መልስ፦ አናጺው ከዘጌ

የተሻለ ይተኩሳል ያለ የለም። እርጥበቱን ግን መቋቋም ይቻላል፤ በደንብ የሠራ ባለሙያ አፈሙዙ እንጨቱን ሳይነካ እንዲቀመጥ ጥቂት ክፍተት ይተውለታል፣ ብረቱ የሚያርፍበትንም በጠንካራ ማጣበቂያ ይሞላዋል። ደግሞ እንጨት ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ ፕላስቲክ ሲሰበር የሚጣል ነው። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠያቂ፦ ጣና ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለአባቴ አነበብኩለት፤ ሰደፉ እንዳይቀየር ወስኗል። ጠመንጃው እውነትም አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ነው የኖረው። ጋሽ አናጺ፣ ከጥገናው በኋላ እንጨቱን ከገበያ በሚገዛ የተልባ ዘይት ማሸት ይቻላል?

መልስ፦ አናጺው ከዘጌ

ይቻላል፤ የድሮዎቹ ሰደፎችም የሚታሹት በእርሱ ነበር። የማሽን ዘይት ሳይደርቅ እንጨቱ ውስጥ ሲቀር፣ የተልባ ዘይት ግን ከአየር ጋር ተዋህዶ ይደርቃል። ለምግብ የሚጨመቀው ለመድረቅ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ፣ ለእንጨት ሥራ ማድረቂያ ተጨምሮበት የሚሸጠውን ቢያገኙ ይመረጣል። መጀመሪያ ግን ስንጥቁ ከአሮጌው ዘይት ይጽዳና ይጣበቅ፤ ከውስጥም ቀጭን የነሐስ ሽቦ ይግባበት። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ አባትዎ የምዝገባ ወረቀቱን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ከዚያ በጣም ስስ አድርገው በመዳፍ ያሹት፣ የተረፈውን ይጥረጉት፣ ሲደርቅ ይድገሙት። የትከሻውን ብረት ፈትተው የእንጨቱን ጫፍ መቀባት አይርሱ፤ እርጥበት ከሁሉ ይልቅ የሚገባው በዚያ ነው። ያሹበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።